የአንባቢያን ጥያቄ፦ በአክሪንግተን ከተማ ስንት ክለብ ነበረ?

በዚህ እትም አምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ትንሽ የእንግሊዝ ክለብ ታሪክ ሰጥተነዋል። ከአዳማ የደረሰን ደብዳቤ የያዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መልሱን ስናዘጋጅ ግን ከሌሎች አንባቢያን ተልከው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ጥያቄዎች ከዚያው ክለብ ታሪክ ጋር የተያያዙ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ ማስተናገዱን መርጠናል። በመጀመሪያው ጥያቄ ካለው 2017 ዓ.ም. በቀር፣ በጥያቄዎቹም ሆነ በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጥር 2017 ዓ.ም. መግቢያ፣ በገና ሰሞን፣ ሊቨርፑል በኤፍኤ ዋንጫ አክሪንግተን ስታንሊ የተባለ ክለብ 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ተመለከትሁ። አንደኛው ጓደኛዬ ይህ ክለብ በ1888 የእንግሊዝን ሊግ ከመሠረቱት አሥራ ሁለት ክለቦች አንዱ ነው አለ። ሌላው ደግሞ የለም፣ የተመሠረተው በ1968 ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ከስልካቸው እያነበቡ ነበር የሚናገሩት። ትክክሉ የቱ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ ያነበቡት እውነት ነው፤ ሊግባቡ ያልቻሉት ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ክለቦች ስለሆነ ነው። እንዲያውም በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ክለብ አለ፤ የዚህ ታሪክ ዋናው ባለቤትም እርሱ ነው።

አክሪንግተን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር ግዛት የምትገኝ፣ በጥጥ ፋብሪካዎቿና በጠንካራ ቀይ ጡቧ ስሟ የወጣ አነስተኛ ከተማ ናት። በምሥራቅ በርንሊ፣ በምዕራብ ብላክበርን ይጎራበቷታል፤ ወደ ሁለቱም ያለው ርቀት ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ካገኘ ጊዜ ጀምሮ ወደ ኳስ ሜዳ የጎረፈው በእነዚህ ከተሞች ሲሆን፣ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልም ሌላው የእንግሊዝ ክፍል እንደ ነውር ሲቆጥረው በላንክሻየር አስቀድሞ የተለመደ ነገር ነበር። ስለዚህ በ1888 ሊጉ ሲመሠረት ከአሥራ ሁለቱ አባላት ግማሾቹ፣ ማለትም አክሪንግተን፣ ብላክበርን ሮቨርስ፣ ቦልተን ወንደረርስ፣ በርንሊ፣ ኤቨርተንና ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ፣ የዚሁ ግዛት ክለቦች ነበሩ።

ያ መሥራች ክለብ ስሙ አክሪንግተን ብቻ ነበር፤ «ስታንሊ» የሚለው ስም አልነበረውም። በአንደኛ ዲቪዚዮን አምስት የውድድር ዘመናት ተጫውቶ በ1893 ከአሥራ ስድስት ክለቦች አሥራ አምስተኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ ወራጁ የሚለየው በደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ አልነበረም፤ ከላይኛው ዲቪዚዮን ግርጌ የቀሩት ክለቦች ከታችኛው ዲቪዚዮን ቀዳሚዎች ጋር አንድ የመለያ ጨዋታ ያደርጉ ነበር። አክሪንግተን በዚህ ጨዋታ በሸፊልድ ዩናይትድ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሆኖም ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርጄ አልጫወትም ብሎ ከሊጉ ወጣ፤ በ1896ም ፈረሰ። ከአሥራ ሁለቱ መሥራቾች ዛሬ የሌለው እርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክለብ የተወለደው የመጀመሪያው ገና ሳይፈርስ ነው። በ1891 በከተማዋ ስታንሊ በሚባል መንገድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስታንሊ ቪላ የተባለ የሰፈር ቡድን አቋቋሙ፤ ታላቁ ክለብ ሲከስምም የከተማዋን ስም ከመንገዱ ስም ጋር አጣምረው አክሪንግተን ስታንሊ ተባሉ። በ1919 ፒል ፓርክ የተባለውን ሜዳ ያዙ፤ በ1921 ሊጉ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሰሜንን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆኑ። ይህ ክለብ በ1962 ከሊጉ ወጥቶ በ1966 ፈረሰ። እርስዎና ጓደኞችዎ ሊቨርፑልን ሲገጥም ያያችሁት ደግሞ በ1968 በዚያው ስም የተቋቋመው ሦስተኛው ክለብ ነው። ስለዚህ ላዩት ክለብ ልኩን የተናገረው ሁለተኛው ጓደኛዎ ነው። የመጀመሪያው ጓደኛዎም ስለ ከተማዋ የተናገረው እውነት በመሆኑ እንደ ተሸናፊ ሊቆጠር አይገባውም።

ጥያቄ፦ አክሪንግተን ስታንሊ በ1962 በዕዳ ምክንያት በውድድር ዘመኑ መካከል ራሱን ከሊግ አገለለ ይባላል። ዕዳ የሌለበት ክለብ ግን የት አለ? ለመሆኑ ዕዳው ምን ያህል ቢሆን ነው? ያንን የሚከፍል ሰውስ እንዴት ጠፋ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጠየቁት ነገር ከስልሳ ዓመት በኋላም በላንክሻየር ሰዎችን የሚያከራክር ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መናገር ያስፈልጋል።

የክለቡ መልካም ዘመን 1950ዎቹ ነበሩ። ዋልተር ጋልብሬዝ የተባሉት አሰልጣኝ ፊታቸውን ወደ ስኮትላንድ አዙረው ከዚያ በርካሽ የተገኙ ተጫዋቾችን ሰበሰቡ፤ በዐሥርቱ አጋማሽም ስታንሊ አሥራ አንዱም ተሰላፊዎች ስኮትላንዳውያን የሆኑበት ቡድን ይዞ ሜዳ የገባበት ጊዜ ነበረ። በኅዳር 1954 የሜዳው መብራት ሲመረቅ ከብላክበርን ሮቨርስ ጋር በተደረገው የወዳጅነት ጨዋታ ከ17,000 በላይ ሰው ፒል ፓርክን ሞላው። ቡድኑ በ1955 እና በ1958 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያ ዲቪዚዮን ግን ወደ ላይ የሚያድገው አንደኛው ብቻ ስለነበር ሁለተኛነት ከጭብጨባ በቀር ያስገኘው ነገር አልነበረም፤ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ግን የአንደኛ ያህል ይከፈል ነበር።

ለውድቀቱ አንድ ምልክት ምረጥ ብባል ትሪቡኑን እመርጣለሁ። በ1958 የክለቡ መሪዎች በደቡብ እንግሊዝ አልደርሾት በምትባለው የጦር ሰፈር ከተማ፣ ለወታደራዊ ትርዒት ተመልካቾች የተሠራ ትልቅ ትሪቡን በ1,450 ፓውንድ መሸጡን ሰሙ። ዋጋው ርካሽ መስሎ ስለታያቸው ገዙት። ይሁንና ብረቱን ከነጣውላው ነቅሎ፣ ግማሽ እንግሊዝን አቋርጦ አጓጉዞ፣ በላንክሻየር ኮረብታ ላይ እንደገና ማቆሙ ከተገዛበት ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀ። ትሪቡኑ ቆመ፤ ይሞላዋል የተባለው ሕዝብ ግን በዚያው ጊዜ መቅረት ጀመረ። ጋልብሬዝ በ1958 ለቀቁ፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾችም ተሸጡ። በዚያው ዓመት ሊጉ የሰሜንና የደቡብ ክፍሎቹን አጥፎ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን ሲያዋቅር ስታንሊ በሦስተኛው ተመደበ፤ በ1960 ግን ወደ አራተኛው ወረደ። ጎረቤቱ በርንሊ በዚያው ዓመት የመላ እንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ የአገሪቱን ምርጥ ቡድን ማየት የሚችል ሰው በዝናብ ቆሞ የአራተኛ ዲቪዚዮንን ግርጌ እንዲያይ ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በጥር 1961 ደግሞ ለተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈል ይከለክል የነበረው ደንብ ተሻረ፤ ይህም ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ይበልጥ አራራቃቸው።

ወደ ዕዳው እንምጣ። በ1962 መጀመሪያ ክለቡ ያለበት ዕዳ በጠቅላላው 60,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። ይህ ለአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ከባድ ሸክም ነው። ሆኖም ከሦስት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ 1961፣ ቶተንሃም ጂሚ ግሪቭስ የተባለውን አጥቂ ከጣልያን ለማስመጣት ብቻ 99,999 ፓውንድ ከፍሏል። የአንድ ከተማ ክለብ ሙሉ ዕዳ የአንድ አጥቂን ዋጋ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር ማለት ነው።

የክለቡ ቦርድ በጭንቅ ላይ ሳለ የበርንሊን ሊቀመንበር ቦብ ሎርድን ለእርዳታና ለምክር ጠራ። ሎርድ ሥጋ ነጋዴ የነበሩ፣ ቃላቸው የማይመለስ፣ በሊጉ ውስጥ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። መዝገቡን ካዩ በኋላ ክለቡ ከእንግዲህ ሊድን አይችልም የሚል ፍርድ ሰጡ። ማርች 2 ቀን ቡድኑ በክሩ አሌክሳንድራ ሜዳ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ የመጨረሻው የሊግ ጨዋታው ያ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ስብሰባ የመልቀቂያው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በፖስታ ለሊጉ ተላከ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚያሳዝነው። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ባሉት ቀናት ገንዘብ እናዋጣለን የሚሉ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ቦርዱም ሐሳቡን ለውጦ መልቀቂያውን የሚሽር ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። የሊጉ ዋና ጸሐፊ አላን ሃርዳከርና የሊጉ አስተዳደር ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደተቀበሉትና ነገሩ እንዳበቃ አሳወቁ። በውድድር ዘመኑ የተደረጉት 33 ጨዋታዎች ውጤት ከመዝገብ ተሰረዘ፤ ስታንሊን ያሸነፉ ክለቦች ነጥባቸውን አጡ፤ አራተኛው ዲቪዚዮንም በ23 ክለቦች ተጠናቀቀ።

ቦብ ሎርድ ይህን ያደረጉት ለራሳቸው ክለብ ጥቅም አስበው ነው የሚል ጥርጣሬ በአክሪንግተን ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። እኔ ግን ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጫኑን አልደግፍም። ዕዳውን ያጠራቀመው ቦርዱ ራሱ ነው፤ ደብዳቤውንም የፈረመው እርሱ ነው። ነገር ግን ክለብን ያህል ነገር፣ የሁለት ትውልድ ሰዎች ቅዳሜያቸውን የሰጡትን ነገር፣ በአንድ ምሽት ስብሰባ ወስኖ በማግስቱ በፖስታ መላክ ትልቅ ጥፋት ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ ደብዳቤ አንድ ሳምንት ብቻ ቢዘገይ ኖሮ የሚቀጥለው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ሊጉም ቢሆን ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመስማት የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ ሁለት ወር እንኳ አልቀረም ነበርና።

ጥያቄ፦ ዛሬ አንድ ክለብ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ሊጠፋ ይችላልን? (ከዚያው ከጎንደር፣ ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ በዚያው መንገድ አይመስለንም። በ1986 የወጣው የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ ዕዳ የበዛበት ድርጅት በገለልተኛ አስተዳዳሪ ሥር ሆኖ ሥራውን እየቀጠለ ከአበዳሪዎቹ ጋር የሚደራደርበትን መንገድ ከፍቷል። ክለቦች ይህን መንገድ ሲመርጡ ሊጉ 12 ነጥብ ይቀንስባቸዋል፤ ቅጣቱ ያማል፣ ግን አይገድልም። ስታንሊ በ1962 እንዲህ ያለ መጠለያ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ እያለ ግን ከአክሪንግተን ብዙ የማይርቀው፣ በ1885 የተመሠረተው ቤሪ የተባለው ክለብ የገንዘብ አቅሙን ማረጋገጥ ስላልቻለ በነሐሴ 2019 ከሊጉ ተባርሯል። በ2025 ክረምት በእንግሊዝ ፓርላማ ጸድቆ የወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ፣ የክለብ ባለቤቶችን የሚመረምርና የክለቦችን ሒሳብ የሚከታተል ነፃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም የደነገገው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ክለቦች ደጋፊዎች ጩኸት ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ክለቡ ከፈረሰ በኋላ እንዴት ወደ ሊጉ ሊመለስ ቻለ? ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻስ ያው ክለብ ነው ማለት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሊጉ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ክለብ ላንክሻየር ኮምቢኔሽን በሚባለው የክልል ውድድር ውስጥ ጥቂት ዓመታት ተንገዳግዶ በ1966 ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። በ1968 ቦልድ ስትሪት በተባለው የሠራተኞች ክበብ የተሰበሰቡ የከተማዋ ሰዎች ክለቡን እንደገና ለማቋቋም ተስማሙ። ያኔ ተጫዋች የለም፤ የሚጫወቱበት ሜዳ የለም፤ ገንዘብም የለም። በእጃቸው የነበረው ስሙ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ተዘጋጅተው በ1970 ክራውን ግራውንድ በተባለው አዲስ ሜዳ፣ በዚያው በላንክሻየር ኮምቢኔሽን መጫወት ጀመሩ።

ከዚያ ወደ ሊጉ የሚያደርሰው መንገድ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀ። የረዘመው በስታንሊ ድክመት ብቻ አይደለም። እስከ 1987 ድረስ ከሊጉ ውጭ ያለ ክለብ አንደኛ ስለወጣ ብቻ ወደ ሊጉ አያድግም ነበር፤ የሊጉ አባላት በየዓመቱ ድምፅ እየሰጡ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ አባላቱም አብዛኛውን ጊዜ ለቆየ ባልንጀራቸው ያደሉ ነበር። በ1962 የስታንሊን ባዶ ቦታ በዚህ ምርጫ ያገኘው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነው። ይህን ስም ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለክለቡ ዕድገት መነሻ የሆነው ብሬት ኦርመሮድ የተባለ ወጣት አጥቂ ነው። ኦርመሮድ ለስታንሊ ሲጫወት በጥጥ ፋብሪካ እየሠራ ነበር። በ1997 ብላክፑል በ50,000 ፓውንድ ሲገዛው የክለቡ ሊቀመንበር ኤሪክ ዋሊ ብልህ የሆነ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ይኸውም ብላክፑል ተጫዋቹን በትርፍ ከሸጠው ከትርፉ ሩቡ ለስታንሊ እንዲሆን ነው። በ2001 ሳውዝሃምፕተን ኦርመሮድን በ1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወስደው ስታንሊ ከ400,000 ፓውንድ በላይ ደረሰው። አባቶቻቸው በ1958 ለትሪቡን ያወጡትን ገንዘብና ይህን አንድ የውል አንቀጽ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ከሁለቱ የትኛው ክለብን እንደሚያሳድግ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል።

ገንዘቡን ወደ ውጤት የለወጡት መምህር የነበሩት ጆን ኮልማንና ምክትላቸው ጂሚ ቤል ናቸው። በ1999 ሥራውን ሲይዙ ክለቡ ከሊጉ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጫወት ነበር። በ2000፣ በ2003 እና በ2006 ሻምፒዮን እየሆኑ ሦስት ጊዜ አሳደጉት፤ ከአርባ አራት ዓመት በኋላም ስታንሊ ወደ ሊጉ ተመለሰ። በዚያው በ2006 ከሊጉ ከወረዱት ሁለት ክለቦች አንዱ ማን እንደሆነ ይገምቱ ይሆናል፤ ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነው። በ1962 የስታንሊን ወንበር የያዘው ክለብ ስታንሊ ሲመለስ ከወንበሩ ተነሣ። ይህን የመሰለ አጋጣሚ በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ከተመለሰም በኋላ ኑሮው የተደላደለ አልነበረም። በ2009 ከ300,000 ፓውንድ በላይ ያልተከፈለ ግብር ተገኝቶበት ሊዘጋ ሲል ኢልያስ ካን የተባሉ ባለሀብት ደርሰው አዳኑት። በ2015 ደግሞ አንዲ ሆልት የተባሉ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ምርት የሚተዳደሩ የአካባቢው ነጋዴ ክለቡን ገዙ። በግንቦት 2016 የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ስታንሊ በሜዳው ከስቲቨኔጅ ጋር 0 ለ 0 ሲለያይ፣ ብሪስቶል ሮቨርስ በሌላ ሜዳ በተጨማሪ ደቂቃ ባገባው ግብ አሸነፈ፤ ሁለቱ ክለቦች በነጥብ እኩል ሆኑ፤ በግብ ልዩነት ብልጫ ያለው ሮቨርስ አደገ፤ ስታንሊ ቀረ። ዳር ቆመው ከሌላው ሜዳ የሚመጣውን ወሬ ይጠብቁ ለነበሩት ደጋፊዎች ያች ደቂቃ ምን እንደነበረች ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቃታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ኮልማን ቡድናቸውን ሊግ ቱ የሚባለው የአራተኛው እርከን ሻምፒዮን አደረጉት፤ ክለቡም በሦስተኛው እርከን፣ በሊግ ዋን፣ አምስት የውድድር ዘመናት ቆይቶ በ2023 ወረደ።

ያው ክለብ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ሁለት ፊት አለው። በሕግ ዓይን አይደለም፤ የ1962ቱን ዕዳ አልወረሰም፣ የ1921ዱን አባልነትም አልወረሰም። ስለዚህ የሊግ መሥራች ነው እያሉ ማስተዋወቅ ተገቢ አይደለም፤ ያ ክብር የፈረሰው የመጀመሪያው ክለብ ነው። ነገር ግን ሁለተኛውን ክለብ በተመለከተ እንዲህ ለመናገር አልደፍርም። በ1962 በፒል ፓርክ ቆመው የነበሩ ሰዎች ናቸው በ1968 የተሰበሰቡት፤ ልጆቻቸው ናቸው በ2006 የጨፈሩት። ድርጅቱ ሌላ ነው፤ ደጋፊው ግን አንድ ነው፤ ክለብ ማለት ደግሞ ለእኔ ከሁሉ አስቀድሞ ደጋፊው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በማንቸስተር ነው። ልጆቼ ከማንቸስተር ዩናይትድና ከማንቸስተር ሲቲ በቀር ሌላ ክለብ ያለ አይመስላቸውም። አክሪንግተንን ለማሳየት ብወስዳቸው የሚታይ ነገር አለ? ክለቡስ በእነዚያ ትልልቅ ክለቦች መካከል ልጆችን እንዴት ያገኛል? (ከማንቸስተር)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። የክለቡን ስም ለብዙ እንግሊዛውያን ያስተዋወቀው በ1989 አካባቢ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የወተት ማስታወቂያ ነው። ሁለት ልጆች የሊቨርፑል ማልያ ለብሰው ሲነጋገሩ፣ አንደኛው ወተት ካልጠጣህ አድገህ የምትጫወተው ለአክሪንግተን ስታንሊ ነው እንዳለው የሊቨርፑሉን አጥቂ ኢያን ረሽን ጠቅሶ ሲናገር፣ ሌላው እነዚያ ደግሞ እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ቀልዱ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ የከተማዋ ሰዎች ግን በቀልዱ ከመቀየም ይልቅ ያዙት፤ በየሄዱበት ሜዳ ጥያቄው ሲሰነዘርባቸው ራሳቸውም ይዘፍኑት ጀመር። ማስታወቂያው ሲሠራ ክለቡ ከሊጉ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ግን ሊቨርፑልን በአንፊልድ ሜዳ የገጠመ ክለብ ነው።

ልጆችን በተመለከተ የአሁኑ ባለቤት ያመጡት ልማድ ለእኔ ከማንኛውም ዋንጫ ይበልጥብኛል። ክለቡ በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት የስታንሊን ማልያ በነፃ ያድላል። በርንሊና ብላክበርን ሁለቱም በፕሪሚየር ሊግ የተጫወቱ፣ የሊግ ሻምፒዮን የሆኑ ክለቦች ናቸው፤ አባት ልጁን በእጁ ይዞ ወደ እነርሱ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። ልጁ ግን በሰባት ዓመቱ ቀዩን ማልያ ከለበሰና ቅዳሜ ዕለት አጥር ተደግፎ ተጫዋቾቹን በስማቸው ከጠራቸው የእነርሱ ሆኖ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ለጉዞው፣ ከማንቸስተር ቪክቶሪያ ጣቢያ በበርንሊ በኩል አድርጎ ወደ ብላክበርን የሚሄደው ባቡር በአክሪንግተን ያቆማል፤ ይህ ቀጥታ መስመር የተከፈተው በ2015 ነው። የቅዳሜ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ጠዋት ከተነሣችሁ ከተማዋን ለማየት ጊዜ ይኖራችኋል። በመጀመሪያ ልጆቹን ወደ ፒል ፓርክ ይውሰዷቸው። ከአልደርሾት የመጣው ትሪቡን ዛሬ የለም፤ ከ17,000 በላይ ሰው የቆመበት ቦታም ሣር ሆኗል። ሜዳው ግን አልታረሰም፣ ቤትም አልተሠራበትም፤ ያጠገቡ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች መጫወቻ ሆኗል። ከዚያ ወደ ክራውን ግራውንድ ይሂዱ። ስታዲየሙ የሚይዘው ከ5,000 ብዙም ያልበለጠ ሰው ስለሆነ የትም ቢቆሙ ከሜዳው መስመር አይርቁም፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩና አሰልጣኙ ሲቆጣ ልጆችዎ በጆሯቸው ይሰማሉ። በኦልድ ትራፎርድ ከፍተኛ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ይህን መስማት አይችሉም።